በአያቴ መስቀል ጀርባ ያለው ንስር

የአያቴን የአንገት መስቀል ፊቱን ያላየ የቀበሌያችን ሰው ያለ አይመስለኝም። ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም፣ ገበያ ስትወርድ፣ ለቅሶ ስትደርስ ከነጠላዋ ላይ ብቅ ይላል። ጀርባውን ያየን ግን ጥቂቶች ነን። ገልበጥ ሲያደርጉት ከታችኛው ክንድ ላይ ጭረት ጭረት ያለ፣ መዳሰስ ያደበዘዘው ነገር አለ። ልጅ ሳለሁ ጭኗ ላይ ተኝቼ በጥፍሬ እከተለው ነበር። ላባ ነው። የርግብ ላባ ይመስለኝ ነበር፤ ያው የመንፈስ ቅዱስ ምሳሌ። እሷም አላረመችኝም።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ አንድ ቀን የማሪያ ትሬዛን ብር ፎቶ ስልኬ ላይ አጉልቼ ሳይ ነው ነገሩ የበራልኝ። ርግብ አልነበረም። የኦስትሪያ ነገሥታት ምልክት የሆነው የባለ ሁለት ራሱ ንስር ክንፍ ነው። የአያቴ መስቀል መስቀል ከመሆኑ በፊት ገንዘብ ነበር። አባቶቻችን ጠገራ የሚሉት ብር።

ይህን አውቄ ብቻ ብቀር ኖሮ ለጓደኞቼ የማወራት ወግ ሆና ትቀር ነበር። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. አንድ ሌላ ነገር መጣ።

በዚያን ጊዜ ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ላይ ነበርኩ። ቤተሰብ ልጠይቅ ሰቆጣ ዙሪያ መጥቼ ጦርነቱ መንገዱን ዘጋውና እዚያው ቀረሁ። ባንክ ተዘጋ፤ ኔትወርክ ጠፋ። አባቴ የባንክ ደብተሩን እያወጣ ያየዋል። ቁጥሩ አለ፣ ገንዘቡ የለም። አራት ዓመት ስለ ገንዘብ ተምሬ፣ ገንዘብ ማለት መተማመን ነው የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ፈተና ላይ ስንት ጊዜ ጽፌ፣ ትርጉሟን ያወቅኩት ያን ሰሞን ነው። ፍየሎቹ አስቀድመው ተሸጠው አልቀዋል። ጎረቤታችን ጨው ሰፍራ ሰጥታ ማሽላ ስትቀበል አይቻለሁ፤ ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

በጥቅምት አንድ ማለዳ አያቴ መስቀሏን ከማተቧ ላይ ፈታችና ተከተለኝ አለችኝ። የሄድነው እህል ነጋዴ ቤት ነው። ጋሼ የምላቸው፣ አባቴን የሚያውቁ ሰው ናቸው። ለአንድ ኩንታል ማሽላ መስቀሏን መያዣ አድርጋ ሰጠቻቸው። እኔ በመንገድ ላይ በልቤ አስልቼ ጨርሻለሁ። አንድ ጠገራ ብር 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከመቶው 83 እጁ ንጹሕ ብር ነው። መስቀል ለመሆን ደግሞ ዙሪያው ተቆርጧል። ለሚያቀልጠው ሰው የብሩ ዋጋ አንድ ኩንታል ማሽላ አይሞላም፤ በዚያ ወቅት ጭራሽ አይጠጋም። ነጋዴው ሚዛን አውጥተው ይመዝኑታል፣ ከዚያ ይስቁብናል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሚዛኑ እኮ አጠገባቸው ነው። አልመዘኑም። ተቀበሉ፣ ተሳለሙት፣ በጨርቅ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ከተቱት። ማሽላውን አሸክመን ተመለስን።

ያልመዘኑት ለምንድን ነው? እውነቱን ለመናገር ይህ ጥያቄ ነው ወደ ጥንት ሳንቲሞች የከተተኝ። የትምህርቴ መጻሕፍት የሚያውቁት ገንዘብ ወይ ብረት ነው፣ ወይ ወረቀት ነው፣ ወይ ቁጥር ነው። መስቀል የሚባል ዓይነት የለም። ታሪኩን ስከታተል ግን መስቀልና ገንዘብ እጅግ የቆየ ዝምድና አላቸው።

ከሩቁ ልጀምር። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሳንቲም የሚሠራው በመዶሻ ነበር። ቀጭን ክብ የብር ቅጠል በሁለት የብረት ማኅተሞች መካከል ይደረግና ከላይ ይመታል። በዚህ ዓይነት የተመታው የእንግሊዞች ፔኒ ከአንድ ግራም ተኩል በታች የሚመዝን ስስ ነገር ነው፤ በአንድ ወገን የንጉሡ ፊት፣ በሌላው ወገን ብዙውን ጊዜ መስቀል። ቬኒስ ላይ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የወጣው ትልቁ የብር ገንዘብ፣ ግሮሶ የሚሉት፣ በአንድ ወገን ክርስቶስን በዙፋን ተቀምጦ፣ በሌላው ወገን ቅዱስ ማርቆስን ለገዢው ሰንደቅ ሲሰጥ ያሳያል። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ትንሽ ሥዕለ አድኅኖ በሉት።

እኔን የገረመኝ ግን የእንግሊዙ መስቀል የሠራው ሥራ ነው። ብር የሆነ ሳንቲም ሌባ አያጣም። ጠርዙን ትንሽ ትንሽ እየሸረፉ ብሩን ያጠራቅማሉ፤ ሳንቲሙን ደግሞ በሙሉ ዋጋው ይገዙበታል። ይህ ሲበዛ በንጉሥ ሄንሪ ሦስተኛ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1247፣ ማኅተሙ ተለወጠ። የመስቀሉ አራት ክንዶች እስከ ሳንቲሙ ጠርዝ ድረስ እንዲረዝሙ ተደረገ። ክንዱ ካጠረ ተሸርፏል ማለት ነው፤ ማንበብ የማይችል ገበሬም በዓይኑ ያውቀዋል። ዝርዝር ሲያስፈልግም ይኸው መስቀል መቁረጫ መስመር ነበር። ለሁለት ሲቆርጡት ግማሽ፣ ለአራት ሲቆርጡት ሩብ ፔኒ። ሽርፍራፊ ሳንቲም የምንለው ቃል እዚያ አገር ቃል በቃል ይሠራ ነበር ማለት ነው።

አንድ ሌላ የእንግሊዝ ሳንቲም አለ፣ ከሁሉ የወደድኩት። እ.ኤ.አ. በ1009 ገደማ ቫይኪንጎች አገሩን ሲያስጨንቁት፣ ኤተልሬድ የተባለው ንጉሥ ፊቱን ከሳንቲሙ ላይ አነሣ። በእሱ ቦታ የእግዚአብሔርን በግ፣ በጀርባው ደግሞ ርግብ አስቀረጸ። ጸሎት ነው፤ በብር የተመታ ምሕላ። አልሠራለትም፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ዙፋኑን ጥሎ ተሰደደ። ከእነዚህ ሳንቲሞች እስከ ዛሬ የተረፉት ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም የተገኙት እንግሊዝ ውስጥ ሳይሆን እዚያው ወራሪዎቹ በመጡበት በሰሜን አውሮፓ ነው። ተበስተው አንገት ላይ የተንጠለጠሉ አሉባቸው። ይህን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ዝም አልኩ። ከእኛ ሰፈር ሺህ ጊዜ የራቀ አገር፣ ሺህ ዓመት የራቀ ዘመን፣ ግን ሰውየው ያደረገው የአያቴ እናት ያደረገችውን ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ይቀድማል እንጂ አይዘገይም። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም የገባ ሰው የአክሱምን ሳንቲሞች አይቶ ይሆናል፤ ጥፍር የሚያካክሉ ስለሆኑ አብዛኛው ጎብኚ ወደ ሉሲ ሲጣደፍ ያልፋቸዋል። አክሱም ሳንቲም መምታት የጀመረችው በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ በንጉሥ እንዱቢስ ጊዜ ነው። ወርቅም፣ ብርም፣ ነሐስም ትመታ ነበር። በወርቁ ላይ ንጉሡ በሁለት የስንዴ ዘለላዎች መካከል ይታያል፤ ከራሱ በላይ ደግሞ ጨረቃና ክብ ምልክት፣ የአሮጌው እምነት ምልክት፣ አለ። በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዔዛና ክርስትናን ሲቀበል ጨረቃዋ ወረደችና መስቀል በቦታዋ ቆመ። በዓለም ላይ መስቀልን ዋና ምልክት አድርገው ገንዘባቸው ላይ ካኖሩ መንግሥታት አክሱም ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ናት። ሄንሪ ሦስተኛ መስቀሉን ሲያስረዝም ዔዛና ካረፈ ዘጠኝ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው።

ወርቁ ላይ የሚጻፈው ጽሑፍ በአብዛኛው ግሪክኛ ነው፤ የሚሄደው ባሕር ተሻግሮ ነውና። ሕንድና ደቡብ ዐረቢያ ድረስ የተገኙ አሉ። ብርና ነሐሱ ላይ ግን ግእዝ እየገባ መጣ፤ አገር ቤት የሚዞረው እሱ ነው። የነሐሱ ጽሑፍ ደስ ይላል። ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ የሚል አለ፣ ለሕዝቡ ደስታ ይሁን የሚል አለ፣ በዚህ መስቀል ያሸንፋል የሚልም አለ። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ሆዬ፣ ይህን ሲያይ ንጉሡ ምን እየጠየቀ እንደሆነ ይገባዋል። ነሐስ ነው፤ በራሱ ዋጋው ትንሽ ነው። ተቀበሉኝ ነው የሚለው። ጭራሽ ከብርና ከነሐሱ አንዳንዱ ላይ በመስቀሉ ዙሪያ ወርቅ ይለበጥ ነበር፤ በዚያ ዘመን ሌላ አገር እንዲህ አያደርግም። ወጪው ለማን ብሎ? ርካሹን ገንዘብ የሚይዘው ድሃው ነው፤ መስቀሉን በወርቅ የሚያየውም እሱ ነው። በመጨረሻዎቹ በአርማህ ሳንቲሞች ላይ ንጉሡ የመስቀል በትር ይዞ ዙፋን ላይ ተቀምጧል፤ በብሩ ጀርባ ያለውን መስቀልና ቅስት አንዳንድ አጥኚዎች የኢየሩሳሌሙ ቅዱስ መቃብር ነው ይሉታል።

ከዚያ በ7ኛው መቶ ዓመት ቆመ። የቀይ ባሕር ንግድ እጅ ሲለውጥ መዶሻውም ዝም አለ። ሐረር በኋላ ዘመን የራሷን ሳንቲም ትመታ ነበር እንጂ፣ በደጋው ክርስቲያን መንግሥት ከአክሱም እስከ ምኒልክ፣ ከሺህ ሁለት መቶ ዓመት በላይ፣ ሳንቲም የመታ ንጉሥ የለም። የዛግዌ ነገሥታት ይምርሐነ ክርስቶስን ሲያሠሩ፣ ላሊበላን ሲያስፈለፍሉ፣ እዚህ ሰቆጣ አጠገብ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ከዓለት ሲወጣ፣ መስቀሉ ግድግዳው ላይ ሞልቷል፤ መስቀል ያለበት ሳንቲም ግን በአገሩ የለም።

ታዲያ በምን ይገዙ ነበር? መልሱ ለሰቆጣ ሰው ሩቅ አይደለም። ጨው ነው። ኮስማስ የተባለው የ6ኛው መቶ ዓመት ግሪክ ነጋዴ፣ አክሱም ገና ሳንቲም በምትመታበት ጊዜ፣ የንጉሡ ሰዎች በአገው ገዢ በኩል በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ወርቅ ወዳለበት አገር ይወርዱ እንደነበር ጽፏል። ጨዉን ያስቀምጣሉ፤ ባለ ወርቁ መጥቶ ወርቁን ከጎኑ ያኖራል፤ ካልተስማሙ ይጨመራል። ቃል አይለዋወጡም። በ1520ዎቹ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ ሲሠራ አገኘው፤ ከአፋር እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። ያ አሞሌ ከአፋር ጨው ሜዳ ወጥቶ፣ በግመልና በአህያ ትግራይን አቋርጦ ወደ ደቡብ ሲወርድ፣ ሰቆጣ ከዋና ዋና ገበያዎቹ አንዷ ነበረች። ከተማዋ በ19ኛው መቶ ዓመት ያን ያህል የታወቀችው በዚሁ ነው። አሞሌ ፊት የለውም፣ መስቀል የለውም፣ ንጉሥ አያዝዝበትም። ዝናብ ያሟሟዋል፣ ሲወድቅ ይሰበራል፣ ሲቸግር ይበላል። ዋጋው የሚወድቀው ንጉሥ ሲያጭበረብር ሳይሆን ጣሪያ ሲያፈስ ነው። ጎረቤታችን ጨው ሰጥታ ማሽላ ስትቀበል ያየሁት እንግዲህ አዲስ ፈጠራ አልነበረም፤ የከተማዋ የድሮ ሥራ ነው የተመለሰው።

አሞሌው ለትንሽ ዕቃ ነው። ለበሬ፣ ለጠብመንጃ፣ ለጥሎሽ ሌላ ነገር መጣ፤ ጠገራው። ማሪያ ትሬዛ የኦስትሪያ ንግሥት ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች። ብሯ ግን አልሞተም። ከእሷ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ 1780 የሚል ዓመት ይዞ ቀጠለ፤ በቪየና፣ በሚላኖ፣ በቬኒስ፣ ቆይቶም በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይ። ጽሑፉ በእግዚአብሔር ጸጋ ንግሥት መሆኗን በላቲን ይናገራል፤ ከዓመቱ ቁጥር አጠገብ አንዲት ትንሽ የተጋደመች መስቀልም አለች። ዙሪያ ጠርዙ ላይ ደግሞ ፍትሕና ምሕረት የሚል ቃል ወጣ ብሎ ተቀርጿል። ይህ ጠርዝ የሄንሪን ረጅም መስቀል ሥራ ነው የሚሠራው፤ የሸረፈው ሰው ወዲያው ይታወቅበታል። የእኛ ሰዎች ላቲኑን አላነበቡም። ሴትየዋ ማን ናት ብለውም አልተጨነቁም። ደረቷ ላይ ያለውን የዕንቁ ፈርጥ ይቆጥሩ ነበር፤ ዘጠኝ ካልሞላ፣ ወይም ከደበዘዘ፣ አይቀበሉም።

ዐፄ ምኒልክ የራሳቸውን ብር ፓሪስ አስመትተው ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ሲያወጡ መልካቸውን በአንድ ወገን፣ መስቀል ያለበት ዘንግ የያዘውን አንበሳ በሌላው ወገን አደረጉ። ከአርማህ ወዲህ መስቀል ወደ ደጋው ገንዘብ የተመለሰው ያኔ ነው ማለት ይቻላል። ያም ሆኖ ገበያው ከጠገራው አልተለየም። የራሱን ንጉሥና የራሱን መስቀል ትቶ የማያውቃትን ሴት የመረጠ ሕዝብ አገሩን ስለማይወድ አይደለም። አድዋ የዘመተው ይኸው ሕዝብ ነው። ሌላው ሰው ምን ይቀበላል የሚለውን አይቶ ነው። ጣሊያንም ይህን አውቆ ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ የማሪያ ትሬዛን ማኅተም ከኦስትሪያ አስፈቅዶ ሮም ላይ መምታት ጀመረ። ወራሪ እንኳ ሕዝቡ ባመነው ገንዘብ ነው የሚመጣው። ጠገራው ከሥራ የወጣው በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ብር ከወጣ በኋላ ነው፤ ያኔም መንግሥት የሃምሳ ሳንቲሟን ከብር አሠርቶ ነው ሰዉን ያግባባው።

በ19ኛው መቶ ዓመት ጠገራው እየበዛ ሲመጣ የብር የአንገት መስቀልም በየቤቱ በዛ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አገሩ የብር ማዕድን አያወጣም፣ አንጥረኛው ብር የሚያገኘው ከገንዘቡ ነው። አንዳንዱ ያቀልጠዋል፤ አንዳንዱ ሳያቀልጥ እዚያው ብሩ ላይ መስቀል ስሎ ዙሪያውን ይቆርጠዋል። የኋለኛው ሲሆን ፊቱን አለስልሶ ይቀርጽበታል፣ ጀርባው ግን የማይታይ ስለሆነ እንዲሁ ይተዋል። የአያቴ መስቀል እንዲህ ነው የሆነው። ንስሩ የተረፈው አንጥረኛው ጀርባውን ለማለስለስ ስለሰነፈ ነው፤ እግዜር ይስጠው።

አክሱም ላይ ንጉሡ መስቀሉን ወደ ገንዘቡ አስገባ። እኛ ዘንድ ደግሞ ሰዉ ራሱ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ገንዘቡን መስቀል አደረገው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስገርመኝ ይህ ነው። ምክንያቱም በመጽሐፍ ሕግ ከሄድን ኪሳራ ነው። 28 ግራሙ ይቀንሳል፣ ለአንጥረኛ ይከፈላል፣ ገበያ ላይ ከእንግዲህ በሙሉ ዋጋ የሚቀበለው የለም። ሙሉ ገንዘብን ጎዶሎ ማድረግ ነው። ታዲያ ጎዶሎው ነው የማሽላ ኩንታል ያመጣው።

አጎቴ በታኅሣሥ ከባሕር ዳር ጥሬ ገንዘብ ይዞ ደረሰ። አያቴ ከሁሉ በፊት ወደ ነጋዴው ላከችኝ። ገንዘቡን ቆጥሬ ሰጥቼ፣ መስቀሉን ተቀብዬ፣ ከዚያ ጥያቄዬን ጠየቅኩ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ለምን አልመዘኑትም?»

«ምኑን?»

«መስቀሉን። ማሽላውን አያወጣም እኮ።»

እንደ ሞኝ ነው ያዩኝ። «እንደማያወጣማ አውቃለሁ። አያትህ ለጥምቀት ያለ መስቀሏ ከቤት አትወጣም። ከጥምቀት በፊት ትመጣለች አልኩ፤ ይኸው መጣህ።»

ሰውየው የብር ዋጋ አላሰሉም። የብድሩን ቀን ነው ያሰሉት። እኔ ግራም ስቆጥር እሳቸው የበዓል መቁጠሪያ ይቆጥሩ ነበር። ለሌላ ሰው ሸጠው የሚያተርፉበት ነገር አልነበረም፤ ለአንድ ሰው ብቻ፣ ለአያቴ፣ ከኩንታል ማሽላ የሚበልጥ ነገር እጃቸው ላይ ነበር። ያንንም እሷ ታውቃለች፣ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እሷ እንደምታውቅም ያውቃሉ። ይህን ለመጻፍ አስተማሪዎቼ ሦስት ገጽ ቀመር ይፈጅባቸዋል።

ባለፈው ዓመት ደግሞ አንድ የድሮ ዕቃ የሚሰበስብ ሰው መጣ። መስቀሉን ገልብጦ አይቶ ዋናው ይኸ ጀርባው ነው አለ። ያቀረበው ገንዘብ ቀላል አልነበረም፤ በእሱ ዋጋ ስንት ኩንታል እንደሚገዛ አስልቼ ላለመናገር ምላሴን ነክሻለሁ። አያቴ ለማን ልሽጥልህ፣ ፊቱን ወይስ ጀርባውን ብላ ሸኘችው።

እኔ ግን አላስቻለኝም። ሰቆጣ ከተማ አንድ ወርቅ ቤት ወስጄ አስመዘንኩት። 21 ግራም። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ነገርኳት፤ ሙሉው ብር 28 እንደነበርም ነገርኳት። ትንሽ አሰበች።

«ሰባቱስ?»

«ሲቆረጥና ሲሞረድ የቀረ ነዋ። አንጥረኛው ጋ የቀረ ይሆናል።»

«እናቴ ለእጁ ሌላ ብር ከፍላዋለች እኮ» አለች። «ሙሉ ብር። አብሬያት ነበርኩ።» መስቀሉን ከእጄ ወስዳ በእሳቱ ብርሃን እያገላበጠች ጠርዙን በአውራ ጣቷ ትዳስስ ጀመር።